ምዕራፍ ሰባት፦ ቤሉ ያወራል፣ ስላይዱ ይመሰክራል

ትሮምቦን አንድ ዕቃ ተብሎ ይሸጣል እንጂ ሁለት ዕቃ ነው። አንዱ ሰፊ አፍ ያለው፣ ሙዚቀኞች ቤል የሚሉት ክፍል ነው። ሌላው በቀኝ እጅ የሚገፋውና የሚሳበው ስላይድ ነው። ሁለቱን የሚያያይዛቸው አንድ መጋጠሚያና አንዲት የምትሽከረከር ቀለበት ብቻ ናት፤ ቀለበቷ ስትላላ ተለያይተው በሳጥናቸው ውስጥ ይተኛሉ። ያገለገለ ትሮምቦን የሚገዛ ሰው ከሁሉ በፊት ይህን ማወቅ አለበት። የአንዱ ስላይድ ተጣሞ፣ የሌላው ቤል ተጨፍልቆ፣ ከሁለት ስብራት አንድ መሣሪያ ተሠርቶ ሊሆን ይችላልና። ሻጩ ቤሉ ላይ የተቀረጸውን ስም በጣቱ እያሳየ «ኦርጅናል አሜሪካ ነው» ሲል ላይዋሽ ይችላል፤ ቤሉ በእርግጥም አሜሪካዊ ነው። ስላይዱን ግን ማንም አልጠየቀውም።

ይህ ምዕራፍ የሚጻፈው ደብረ ታቦር፣ ንፋስ መውጫ ወይም አዲስ ዘመን ላይ ሆኖ ለትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ፣ ለማርሽ ባንድ ወይም ለገዛ ልጁ መሣሪያ ለሚፈልግ ሰው ነው። አዲስ አበባ ያለ ገዢ የተበላሸ ስላይድ ቢገጥመው ቢያንስ የሚያማክረው የኦርኬስትራ ሰው አያጣም። በጉና ግርጌ ያለ ገዢ ግን የገዛውን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ከዝነኛ ስም ይልቅ ቀጥ ያለ ስላይድ መምረጥ አለበት የሚለው አቋሜ ለቦታው የተሰጠ ምክር ነው፤ ለሰብሳቢ ወይም ለነጋዴ የምሰጠው ምክር ሌላ በሆነ ነበር።

የከንፈርን ንዝረት በረጅም ቧንቧ አጉልቶ ማሰማት ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። መለከት የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ከነጋሪትና ከእምቢልታ ጋር ሆኖ የሹማምንትን መምጣት ያበስር ነበር። እምቢልታ ደግሞ ጣት የሚደፍነው ቀዳዳ የለውም። አንዱ ቧንቧ የሚሰጠው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ስለሆነ ሦስት ነፊዎች እየተቀባበሉ ዜማውን ይሞላሉ። ትሮምቦን እንደ መለከት በከንፈር ይነፋል፤ ነገር ግን ርዝመቱን እየለወጠ ሦስቱ የእምቢልታ ነፊዎች የሚካፈሉትን ሥራ ብቻውን ይሠራል። ስላይዱ ሲዘጋ የቧንቧው ርዝመት 2 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ወደ ፊት ሲገፋ፣ የተዘጋውን ጨምሮ በሰባት ቦታዎች ይቆማል፤ እያንዳንዱ ቀጣይ ቦታ ድምፁን በአንድ ሴሚቶን፣ ማለትም በግማሽ ድምፅ፣ ያወርደዋል። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ያለው ርቀት 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከስድስተኛው ወደ ሰባተኛው ያለው ግን ወደ 11 ይጠጋል። ቧንቧው በረዘመ ቁጥር ያንኑ ሴሚቶን ለማውረድ የሚጨመረው ርዝመትም ያድጋልና።

የዛሬው የነሐስ ባንድ የገባው ከአድዋ ድል በኋላ ነው። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላይ ለአፄ ምኒልክ 40 የነሐስ መሣሪያዎችን ሰደዱ፤ ሚሌቭስኪ የተባለ ፖላንዳዊም የመጀመሪያዎቹን ነፊዎች አሠለጠነ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ከእልቂት የተረፉ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ባንድ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። እነዚህ «አርባ ልጆች» ከአስተማሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የቤተ መንግሥቱ ባንድ ሆኑ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ባንዶች ተስፋፉ፤ ትሮምቦን በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የኖረው በእነርሱ ቤት ነው። በኋላ ኪቦርድ፣ አማርኛው ኦርጋን የሚለው፣ የአንድ ሙሉ የትንፋሽ ክፍል ሥራ ብቻውን ሲይዝ፣ ከመንግሥት ባንዶች ውጭ ትሮምቦን የሚያነሳ እጅ አነሰ።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት የመሣሪያዎቹን ምንጭ ስለሚያስረዳ ነው። በሌላ አገር የአንድ ከተማ ትምህርት ቤት ከአንድ ፋብሪካ ለዓመታት ይገዛል። እኛ ጋ መሣሪያ የሚመጣው በስጦታ፣ በመንግሥት ግዢ፣ በወዳጅ አገር ዕርዳታ፣ ቀጥሎም ከውጭ በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ወይም ፒያሳ ካለ የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ የሚወጣ አሮጌ ትሮምቦን ከየትም ሊሆን ይችላል። አንዱን አይቶ ሌላውን መገመት አይሠራም።

እንግዲህ ቤሉን እናንብብ። በአሜሪካ የትምህርት ቤት ባንድ ትልቅ ገበያ ስለሆነ፣ ለተማሪ ተብለው የተሠሩ ትሮምቦኖች እዚያ በብዛት ተመርተው በብዛት ያረጃሉ፤ በሻንጣ የሚመጡትም በአብዛኛው እነዚህ ናቸው። «ኮን» የሚል ስምና «ኤልካርት፣ ኢንዲያና» የሚል ከተማ ያለበት በአብዛኛው የድሮ ሥራ ነው፤ የተማሪው ሞዴል «ዳይሬክተር» ይባላል። «ኪንግ» በኦሃዮ ክፍለ ግዛት ክሊቭላንድ ከተማ የተመሠረተው የኤች. ኤን. ዋይት ኩባንያ ምርት ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኩባንያው ለተማሪ የሚሠራውን ርካሽ መሣሪያ «ክሊቭላንድ» ብሎ ሰይሞታል፤ ስለዚህ ቤሉ ላይ ክሊቭላንድ በትልቁ ሲጻፍ የከተማ ስም ሳይሆን የደረጃ ስም ነው። «ኦልድስ» መጀመሪያ ሎስ አንጀለስ፣ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በኋላ ደግሞ ፉለርተን ካሊፎርኒያ ተሠርቷል፤ ፋብሪካው በ1979 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። «ፉለርተን» የሚል ጽሑፍ ካለ እንግዲህ ዕድሜው በሁለቱ መካከል ነው። የኦልድስ «አምባሳደር» ለተማሪ ከተሠሩት ሁሉ ጠንካራው ነው ብል የሚቃወሙኝ ብዙ ነፊዎች የሚኖሩ አይመስለኝም። «ባክ» የሚለው ስም ዝናው ትልቅ ነው። ነገር ግን ስሙን የተሸከመው የተማሪ ሞዴል «ቲ አር 300» ዝናውን ካተረፉት የኦርኬስትራ መሣሪያዎች ጋር አንድ አይደለም፤ ለስሙ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም። ከጃፓን «ያማሃ ዋይ ኤስ ኤል 354» በዓለም ዙሪያ ተማሪ በብዛት ከያዛቸው ትሮምቦኖች አንዱ ነው። ብዙ ስለተሸጠ መለዋወጫው አይጠፋም፤ ይህ ደግሞ ከአዲስ አበባ ለራቀ ሰው ከድምፁ የማይተናነስ ጥቅም ነው።

የአውሮፓዎቹን ዕድሜ የሚለየው የአገር ስም ነው። «አማቲ» እና «ክራስሊትሴ» የሚሉት የቼክ ናቸው፤ «በቼኮስሎቫኪያ የተሠራ» የሚል ካለበት አገሪቱ ከተከፈለችበት ከ1993 እ.ኤ.አ. በፊት የወጣ ነው። «ምሥራቅ ጀርመን» የሚል ማኅተም ከ1990 እ.ኤ.አ. በፊት፣ «ሌኒንግራድ» የሚል ደግሞ ከተማዋ የቀድሞ ስሟን በ1991 እ.ኤ.አ. ከመመለሷ በፊት መሠራቱን ይናገራል። እነዚህ መሣሪያዎች ወፍራም፣ ከባድና ለጉዞ የሚታገሡ ናቸው፤ ሆኖም ስላይዳቸው ከአሜሪካና ከጃፓን እኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸር ብዙ ጊዜ ሸካራ ሆኖ ይገኛል። የእንግሊዙ «ቡዚ ኤንድ ሆክስ» ሁለት ኩባንያዎች በ1930 እ.ኤ.አ. ተዋህደው የተፈጠረ ነው። የድሮ የእንግሊዝ ባንዶች ከዛሬው ከፍ ባለ ቃና ይቃኙ ስለነበር በጣም አሮጌ የሆነውን ከኪቦርድ ጋር አስማምቶ ሳይሞክሩ መግዛት አይመከርም። በአሮጌ አሜሪካዊ መሣሪያ ላይ «ኤል ፒ» የሚሉ ሁለት ፊደላት ቢታዩ ግን መልካም ዜና ነው፤ ለዛሬው ቃና የተሠራ ማለት ነው።

ስም ኖሮት ከተማም አገርም የሌለው ቤልስ? የንግድ ቤቶች ከአንድ ፋብሪካ መሣሪያ አዝዘው የራሳቸውን ስም ያስቀርጹበታል። ልማዱ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። እንዲህ ያለው ስም ማን እንደሸጠው ይናገራል፤ ማን እንደሠራው አይናገርም። የዛሬዎቹ ስም የለሾች አብዛኞቹ የቻይናና የሕንድ ሥራዎች ናቸው። ሁሉም መጥፎ አይደሉም፤ ችግራቸው ሁለት አንድ ዓይነት የሆኑ አለመገኘታቸው ነው። አንዱ ደህና ሆኖ ወንድሙ ከሳጥኑ ሲወጣ የተጣመመ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ወገን የሚገዛ ሰው ፎቶ አይቶ ገንዘብ አይላክ።

ቁጥርም ያሳስታል። የፋብሪካው ተከታታይ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ስላይዱ ከቤሉ በሚጋጠምበት ቦታ አጠገብ ነው፤ በሁለቱም ክፍል ላይ ቁጥር ካለና ካልተመሳሰለ ጋብቻው የቆየ አይደለም ማለት ነው። ቤሉ ወይም ቧንቧዎቹን የሚያያይዘው መደገፊያ ላይ በእጅ የተጫረ አጭር ቁጥር ግን በአመዛኙ የአንድ ትምህርት ቤት የንብረት ቁጥር ነው። ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። በንብረትነት የተመዘገበ መሣሪያ ብዙ ልጅ ያነሳው ቢሆንም፣ በየክረምቱ የሚያየው ባለሙያ ሊኖረው ይችል ነበር።

አሁን ወደ ስላይዱ። ስላይድ አራት ቀጥ ያሉ ቧንቧዎች ናቸው፤ ሁለቱ ውስጠኞች፣ ሁለቱ ውጪዎች። በውስጠኛውና በውጪው መካከል ያለው ክፍተት በሚሊ ሜትር መቶኛ ክፍሎች የሚቆጠር ነው። አየር እንዳያመልጥ ጠባብ፣ እጅ እንዳይታገል ለስላሳ መሆን አለበት። ይህን ጥበት ሊያበላሽ የሚችለው ነገር ብዙ ነው፤ ልጅ የተቀመጠበት ሳጥን፣ ከወንበር የወደቀ መሣሪያ፣ ጫፉን ይዞ ያነሳው ሰው።

የመጀመሪያው ምርመራ ቁም ፈተና ነው። ስላይዱ ከቤሉ ተለይቶ፣ መቆለፊያው ተፈትቶ፣ ቁልቁል ይያዛል፤ የውጪው ክፍል ከታች በሌላ እጅ ተደግፎ ቀስ ብሎ ይለቀቃል። ሳይደናቀፍ መውረድ አለበት። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ ከሆነ ጉድጓድ ወይም ጥመት አለ። የሚቀጥለው ጥያቄ ችግሩ የት ነው የሚለው ነው፤ ለዚህ ውጪውን ክፍል አውጥቶ በአንድ እግር ብቻ ማስገባት ነው፤ መጀመሪያ የቀኙን በቀኙ፣ ከዚያ የግራውን በግራው። ለየብቻቸው ሲገቡ ሁለቱም ልስልስ ብለው ሄደው አንድ ላይ ሲሆኑ የሚታሰሩ ከሆነ ቧንቧዎቹ ጤነኞች ናቸው፤ የተዛነፈው ጎን ለጎን የሚያቆማቸው መደገፊያ ነው። ይህ በባለሙያ እጅ የሚቃና ነገር ነው። አንዱ ብቻውንም የሚይዝ ከሆነ ግን ቧንቧው ራሱ ታሟል፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ትቶ መሄድ ይሻላል።

ውስጠኞቹ ቧንቧዎች ክሮም የተቀቡ ናቸው። ከታች ጫፋቸው ላይ አንድ ስንዝር የማትሞላ፣ ከቀረው በጥቂቱ ወፈር ያለች ክፍል አለች፤ ውጪውን የሚነካው እሷ ብቻ ናት። ክሮሙ እዚያ ላይ ተበልቶ ቢጫው ከታየ ስላይዱ ዕድሜውን ጨርሷል። ቀጥታነታቸውን ለማየት መስኮት መስታወት ላይ አጋድሞ ከሥሩ ብርሃን ሾልኮ እንደሆነ መመልከት ይበቃል። የአየር ፈተናውም ቀላል ነው፤ ስላይዱን ዘግቶ፣ አንዱን ቀዳዳ በአውራ ጣት ደፍኖ በሌላው መንፋት። ትንፋሹ የሚሾልከው በምራቅ ማውጫዋ ከሆነ ቡሿን መለወጥ ነው፤ ከቧንቧው ራሱ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ከታች ያለው የስላይዱ ጥምዝ መጎድጎዱ የተለመደ ነው፤ ውስጠኞቹ ቧንቧዎች እዚያ ድረስ ስለማይሄዱ ትንሽ ጉድጓድ ለዓይን ከማስቀየሙ በቀር እንቅስቃሴውን አያውክም። ቀጥ ባለው እግር ላይ ያለች ኢምንት ጉድጓድ ግን ስላይዱን ሁሉ ታስራለች።

ከተሰበረ ስፒከር የወጣ ማግኔት በኪስ ይዞ መሄድ ጥሩ ነው። የትሮምቦን ነሐስ መዳብና ዚንክ ነው፤ ማግኔት አይዘውም። ብዙ ስላይዶች የሚሠሩበት ነጭ ብረትም መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ተቀላቅሎ የተሠራ እንጂ ብር የለውም፤ ማግኔት አይዘውም። ከሞላዎችና ከብሎኖች በቀር የሚይዘው ነገር ካለ በኋላ የተለጠፈ ወይም ለጌጥ የተሠራ ነው። በቤሉ ላይ ቫርኒሹ ተልጦ ቢጠቁር አይጨነቁበት። ከውስጥ ወደ ውጪ የወጡ፣ መሐላቸው ጠቆር ያለ ሮዝ ነጠብጣቦች ግን ከባድ ምልክት ናቸው፤ የትንፋሽ እርጥበት ዚንኩን በልቶ ብቻውን የቀረው መዳብ ነው የሚታየው። በተለይ ከንፈር የሚያርፍበት ማውዝፒስ በሚገባበት ቧንቧ ላይ ይፈለጋሉ። ማለስለስም መቀባትም አይመልሰውም።

ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ጋፋት አለ። አውሮፓውያኑ ባለእጆች እነ ዋልድማየርና ሳልሙለር ለአፄ ቴዎድሮስ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ያፈሰሱበት ሥፍራ ነው፤ መድፉ ከዚያ ተነሥቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። በአካባቢው ስለ ብረት ሥራ በተነሳ ቁጥር ጋፋት መነሳቱ አይቀርም፤ ለትሮምቦን ገዢ ግን የሚነግረው ተቃራኒውን ነው። መድፍ ክብደቱ ነው ጉልበቱ። የትሮምቦን ቤል ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ድምፁም ያለው በዚያ ስስነት ውስጥ ነው። ስለዚህ ጎበዝ የሆነ የጋራዥ ብየዳ ሠራተኛ መሣሪያውን ሊገድለው ይችላል። የትሮምቦን መደገፊያዎች የተያዙት ከ200 ዲግሪ ባነሰ ሙቀት በሚቀልጥ የእርሳስና የቆርቆሮ ቅይጥ ነው። የጋዝ እሳት ሲያርፍበት አንዱ መደገፊያ ሲያያዝ የጎረቤቱ ይለቃል፤ ነሐሱም ይለሰልስና ስላይዱ ቀጥ ብሎ መቆም ያቅተዋል። የተላቀቀ መደገፊያ ከሬዲዮ ጠጋኝ እጅ ቢወድቅ ይሻለዋል። ገዢው መጋጠሚያዎቹ ላይ ወፍራም የብየዳ ጉብታ ካየ ጋራዥ እንደጎበኘው ይወቅ።

ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። «ከፍታው ቃናውን ያወርደዋል» ሲባል ይሰማል። አያወርደውም። የድምፅን ፍጥነት በአየር ውስጥ የሚወስነው ሙቀቱ እንጂ ግፊቱ አይደለም። ስለዚህ የሚያሳስበው ብርዱ ነው፤ 10 ዲግሪ በሆነ ማለዳና 25 ዲግሪ በሆነ ቀትር መካከል ያለው ልዩነት የሴሚቶን ግማሽ ያህል ይሆናል። ትንፋሽ ቧንቧውን ሲያሞቀው ክፍተቱ ይጠባል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይጠፋም። በብርድ ጠዋት ሞክሮ «ዝቅ ይላል» ብሎ ደህና መሣሪያ የሚመልስ ሰው እንዳይኖር ነው ይህን የምለው። ይልቅ ከቤሉ ኋላ ያለችው መቃኛ ቧንቧ ትላወስ እንደሆነ ይመልከት። የደረቀችን በጉልበት መንቀል መሣሪያውን ያጣምማል።

ለምን ግን ትሮምቦን? ትራምፔት ርካሽም ብዙም ነው። ለእኔ ምክንያቱ ቅኝት ነው። ትራምፔት ሦስት ቫልቭ አለው፤ ድምፆቹ ፋብሪካ ውስጥ ተወስነው ይመጣሉ። ስላይድ ግን እንደ መሰንቆ አውታር በሁለት ድምፆች መሐል በፈለገበት ይቆማል። በመሰንቆ ያደገ የበጌምድር ጆሮ አንቺ ሆዬን ከኪቦርዱ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ መስማት ሲፈልግ፣ ከነሐስ መሣሪያዎች መካከል ያለ ትግል የሚታዘዘው ትሮምቦን ነው። ችግሩ የክንድ ርዝመት ነው። ስላይዱ እስከ ሰባተኛው ቦታ 57 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወጣል፤ የሰባተኛ ክፍል ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አይደርስበትም። ከኋላው ተጨማሪ ጥቅል ቧንቧና በአውራ ጣት የሚጫን ቫልቭ ያለው ዓይነት ይህን ያቃልላል። ቢሆንም ቫልቭ ሌላ ጥገና ነው፤ ለትንሽ ልጅ 800 ግራም ገደማ የሚመዝነውን «ፒቦን» የተባለውን ፕላስቲክ ትሮምቦን ብመርጥ ይሻለኛል። ድምፁን አላሞግሰውም፤ ወድቆ መነሳት ግን ይችላል።

ማውዝፒሱ ከመሣሪያው ጋር መምጣት አለበት። ለተማሪ የሚሠሩት ትሮምቦኖች ጠባብ መግቢያ አላቸው፤ የትልቁ ኦርኬስትራ መሣሪያ ማውዝፒስ ጥቂት ገብቶ ቆሞ ሲወዛወዝ ከታየ የሌላ መሣሪያ ነው። ስላይዱን በኑግ ዘይት ወይም በሞተር ዘይት የቀባ ሻጭ ብዙ ነው፤ በፈተናው ጊዜ ያለሰልሰዋል፣ ከሳምንት በኋላ ያጣብቀዋል። ስለዚህ ምርመራው ከመጀመሩ በፊት በለብ ያለ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ በጨርቅ ተወልውሎ፣ ደርቆ መሞከር አለበት። ከዚያ በኋላ ለቅባት የፊት ክሬም በስሱ ተቀብቶ ውሃ ቢረጭበት በቂ ነው፤ የድሮ ነፊዎች ለዚህ ፖንድስ ክሬም ነበር የሚጠቀሙት።

የመጨረሻው ምርመራ ሳጥኑ ነው። በሽፋኑ ውስጥ የተለጠፈ የሙዚቃ ዕቃ መደብር ምልክት፣ በጎን ኪሱ የቀረ የኪራይ ደረሰኝ ወይም የትምህርት ቤት ወረቀት ከቤሉ ጽሑፍ ይልቅ የመሣሪያውን መንገድ ሊናገር ይችላል። ሳጥኑ ሌላ ስም ቢኖረው ብዙ ማለት አይደለም፤ ሳጥን በቀላሉ ይለወጣል። ዋናው ነገር ስላይዱን የሚይዙት ማረፊያዎች መኖራቸው ነው። ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከወረታ ወዲያ በቻይና መንገድ ሽቅብ ነው። ማረፊያ በሌለው ሳጥን ተጭኖ የሚመጣ ስላይድ አዲስ አበባ ላይ ያለፈውን ፈተና ደብረ ታቦር ላይ ሊወድቅ ይችላል። ማረፊያዎቹ ከጠፉ ጨርቅ ጠቅልሎ በሁለቱም ጫፍ ማስደገፍ፣ የስላይዱን መቆለፊያ መዝጋት፣ ሳጥኑንም ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሳይሆን ከራስ ጋር ይዞ መጓዝ ነው።